ጣና ሥር ያገኛችሁትን ቅርስ እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለ እንዴት ትጠብቁታላችሁ?

ግንቦት ላይ ነው። ባሕሩ ሸሽቷል። ዘጌ አካባቢ አንድ ዓሣ አጥማጅ ወዳጄ መረቡን የሆነ ነገር ያዘበት። ቢጎትት ቢጎትት እምቢ አለው። ሦስት ሆነን ጎተትነው። የወጣው እንጨት ነው፤ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ጥቁር፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ሌላ እንጨት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው። ጭቃውን በእጄ ስጠርግለት የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ብቅ አለ። በጣቴ እየዳሰስኩ ቆጠርኩት። የጠረበው ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ።

እንዲደርቅ ብለን ግድግዳ ጥግ አቆምነው። በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ። በሳምንቱ ጫፉ ተጣመመ፣ ላዩ እንደ ሽንኩርት ተላጠ፣ ያ የመጥረቢያ ምት ድራሹ ጠፋ። ውሃ ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን የቆየውን እንጨት እኛ በሰባት ቀን ጨረስነው። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህንን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅና ኩንዝላ ላላችሁ ዓሣ አጥማጆች፣ ጀልባ ነጂዎች፣ አስጎብኚዎች፣ የገዳም ሰዎችና የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች ነው። አንድ ነገር ስታገኙ እኛ ያደረግነውን አታድርጉ።

ለምን እዚያው ይቆይ?

ውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ጥንካሬ የሚሰጠውን ክፍል ባክቴሪያ ቀስ እያለ በልቶታል፣ ባዶውን ቦታ ደግሞ ውሃ ሞልቶታል። አሁን ቅርጹን ይዞ ያቆመው ውሃው ነው። ውሃው ሲወጣ እህሉ እንደተራገፈ አቁማዳ እጥፍ ይላል። ጭቃ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን ኦክስጅን አያገኝም፤ እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታም ያለ ኦክስጅን አይኖርም። ጨዋማ ባሕሮች ውስጥ የሰመጡ መርከቦችን በልቶ የሚጨርሰው ትልም ጣና ውስጥ የለም፣ ጨዋማ ውሃ ይፈልጋልና። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

«እናውጣውና ሙዚየም እናስገባው» ለሚል ሰው የቫሳን ታሪክ ንገሩት። ቫሳ የስዊድን የጦር መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ ሰጠመ፣ በ1961 ወጣ። እንዳይሰነጠቅ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል 17 ዓመት ሙሉ ተረጨበት። ያ ሁሉ ተደርጎም ቆይቶ እንጨቱ ውስጥ አሲድ እየተፈጠረ አስቸገራቸው። የእንግሊዞቹ ሜሪ ሮዝ ደግሞ በ1982 ወጥታ መርጨቱ የቆመው በ2013 ነው። ሀብታም አገሮች ናቸው፣ ለአንድ አንድ መርከብ ብቻ ይህን ያህል ዘመን ፈጀባቸው። እኛ ጋ የሚረጨውም፣ የሚዘፈዘፍበት ገንዳውም በሌለበት ማውጣት ማጥፋት ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የውሃ ውስጥ ቅርስ ስምምነትም የሚያስቀድመው ቅርሱን በቦታው መጠበቅን ነው። ስለ ምን ዓይነት ቅርስ እንደሚናገር ልብ በሉ። በከፊልም ይሁን ሙሉ በሙሉ፣ ሳያቋርጥም ይሁን በየጊዜው፣ ቢያንስ 100 ዓመት ውሃ ውስጥ የቆየ የሰው ልጅ አሻራ ይላል። «በየጊዜው» የምትለዋ ቃል ለጣና በልክ የተሰፋች ናት። ክረምት ውሃ የሚሸፍነው፣ በጋ ባሕር ሸሽ ሆኖ የሚታረሰው ዳርቻችን እዚህ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ጣና ላይ ምን ይኖራል ብላችሁ አትጠይቁ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አስከሬን ያረፈበት ገዳም ነው፤ በግራኝ ጦርነት ዘመን የጣና ደሴቶች የቤተ ክርስቲያን ንብረት መሸሸጊያ ነበሩ፤ የዘጌ ቡና በደንገል ታንኳ ሲሻገር ኖሯል። ይህ ሁሉ መንገድ በውሃ ላይ ነው። ታንኳ ይገለበጣል፣ ዕቃ ይወድቃል፣ የድሮ መውጫና መውረጃ ድንጋይ በደለል ይዋጣል።

1. አትጎትቱ

መረብ የሆነ ነገር ሲይዝባችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ገመዱን አላሉ፣ ጀልባውን ወደመጣችሁበት መልሱና መረቡን በሌላ አቅጣጫ ለማላቀቅ ሞክሩ። ካልሆነ ቁረጡት። ያማል፣ መረብ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የተያዘውን በኃይል መንቀል ማለት ጭቃው የደበቀውን ሁሉ መገልበጥ ማለት ነው።

ቦታውን ወዲያው ያዙ። የስልክ ጂፒኤስ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ ቁጥሩን ፎቶ አንሡት። ስልክ ከሌለ አባቶቻችን መረባቸውን ጥለው የሚያገኙበትን ዘዴ ተጠቀሙ። በአንድ በኩል አንድ ትልቅ ዛፍ ከኋላው ካለ ኮረብታ ጋር የሚገጥምበትን መስመር ያዙ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከሌላ ነገር ጋር አጋጥሙ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ናችሁ። ጻፉት። ጥልቀቱንም በገመድና በድንጋይ ለኩ።

ላዩ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ አታንሳፉ። ለእናንተ ምልክት የሆነው ለሌባም ምልክት ነው።

2. ንገሩ፣ ግን ለማን እንደምትነግሩ ለዩ

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ፣ እስኪረከቡትም እንዳለ መጠበቅ አለበት። ያለ ፈቃድ መፈለግና መቆፈር ክልክል ነው። ቀበሌ ሄዳችሁ፣ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አድርሱ። በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂ ያዙ። መልስ ከዘገየ ተመላለሱ፣ አትቆጡ፣ ግን አትተዉ።

ቦታው ገዳም አጠገብ ከሆነ ከወረዳው በፊት አባቶች ዘንድ ሂዱ። የጠፋ ነዋየ ቅድሳት ሊሆን ይችላል፤ ማን ይንካው ማን አይንካው የእነሱ ጉዳይ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው፣ ስለዚህ ቡድናችሁ ውስጥ ሴት ባለሙያ ካለች ጀልባው እስከየት መጠጋት እንደሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያ ደርሶ ከመከራከር ይሻላል። ደግሞም ያንን ውሃ ቀን ከሌሊት የሚያዩት መነኮሳቱ ናቸው። ከእነሱ የተሻለ ጠባቂ አታገኙም።

ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። ፎቶው ቆንጆ ቢሆንም። ቦታውን የሚያውቀው ሰው በበዛ ቁጥር ቅርሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

3. ውሃውን አክብሩት

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከባለሙያና ከፈቃድ ጋር ነው የምትሠሩት። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ባለበት ቀን ሥራ የለም፣ አለቀ። ዳርቻው ላይ ብልሃርዚያ አለ፤ ውሃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት የቆየ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይመርመር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ስለሚሆን በጠዋት ጀምራችሁ እስከ አምስት ሰዓት ጨርሱ። ቆማችሁ ከማትደርሱበት ጥልቀት በታች ያለው ሥራ የሠለጠነ ጠላቂ ሥራ ነው። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ለመስጠም ግን ሁለት ሜትርም ይበቃል።

ውሃው ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት፣ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ነው። ጎርፉ ያመጣው ደለል ሲረጋ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሥሩ።

4. ለኩና ሣሉ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ መዝለል ይፈልጋል። አትዝለሉት። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ወይም ቢንቀሳቀስ የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው።

ከቅርሱ ራቅ ብላችሁ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ያህል፣ ሁለት ካስማ ጭቃው ውስጥ ምቱ። ዝገት የማይነካው ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ቱቦ ይሁን። ቅርሱ ላይ ወይም ሥሩ እንዳይገባ በቀጭን ዘንግ ቀስ ብላችሁ አስቀድማችሁ ሞክሩ። በሁለቱ ካስማዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ለምሳሌ የእንጨቱን አንድ ጫፍ ትይዛላችሁ፤ ከመጀመሪያው ካስማ 4.20 ሜትር፣ ከሁለተኛው 3.65 ሜትር። ሌላውን ጫፍ እንደገና ከሁለቱም። ቤት ስትገቡ ወረቀት ላይ በኮምፓስ ሁለት ቅስት ትሥላላችሁ፣ የተቋረጡበት ነጥቡ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም።

መጻፊያ ደግሞ እቤታችሁ አለ። ነጭ ጀሪካን ቁረጡ፣ ጠፍጣፋውን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ እርሳስ በክር እሰሩበት። እርሳስ ውሃ ውስጥ ይጽፋል። ቤት ገብታችሁ ከገለበጣችሁ በኋላ እንደገና ፈትጋችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። እኔ በዚህ ዓይነት ሠሌዳ ላይ የጻፍኩትን ከወር በኋላ ስመለከተው አንድ ቁጥር አልጠፋም ነበር።

እግራችሁን መሬት አታሳርፉ። ተንሳፉ። አንድ ርግጫ ጭቃውን አንሥቶ ለግማሽ ሰዓት ምንም እንዳታዩ ያደርጋችኋል፣ ከሥሩ ያለውንም ይሰብራል። ፎቶ ስታነሡ መለኪያ ዘንግ አጠገቡ አስቀምጡ። ጥልቀቱን ስትጽፉ የለካችሁበትን ቀን ጻፉ፤ የጣና ከፍታ በዓመት ውስጥ ከሜትር በላይ ስለሚለዋወጥ ቀን የሌለው ጥልቀት ምንም አይነግርም።

5. የሚጎዳው ምን እንደሆነ እወቁ

ቦታው ላይ ቁጭ ብላችሁ አንድ ቀን ሙሉ ተመልከቱ። ጀልባ በየት ያልፋል? መልህቅ የት ይጣላል? አሸዋ የሚያወጣ አለ? ውሃው ሲሸሽ በሬ ይጠመድበታል? የሚጎዳው ማዕበሉ ከሆነ መፍትሔው አንድ ነው፣ ሰው ከሆነ ሌላ ነው።

የውሃው ከፍታ ለብቻው ይታይ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ፣ የጣና ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በኩንዝላ በኩል ለጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ በጣም ወርዶ ጀልባ መንቀሳቀስ ተቸግሮ ነበር። እንዲህ ዓይነት ዓመት ሲመጣ ስንት ዘመን ውሃ ያልተለየው እንጨት ፀሐይ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቅርሳችሁ ከዝቅተኛው የውሃ ልክ በታች ነው ወይስ በላይ? መጀመሪያ ይህን መልሱ። በላይ ከሆነ መሸፈኑ ብቻውን አያድነውም፣ ባለሙያው ሌላ መላ መፈለግ አለበት።

እምቦጭን በተመለከተ፦ አረሙ ራሱ ከላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ ነገር ግን ዳርቻ ላይ በመንጠቆና በማሽን ሲጎተት ወለሉን ይፍቃል። ለሚያጸዱት ሰዎች ቦታውን ሳትናገሩ «በዚህ በኩል በእጅ ብቻ» በሏቸው። ደንገል ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ማዕበል ይሰብራል፣ ይህ መልካም ነው። ሥሩ ግን ቅርሱን ሊበሳ ይችላል። ደንገል ከተተከለ ከቅርሱ ራቅ ብሎ፣ ማዕበሉ በሚመጣበት በኩል ይሁን።

6. ሸፍኑት

ሐሳቡ ቀላል ነው። ጭቃው ሲያደርግ የኖረውን ማገዝ ነው። ሆላንዶች ቴሰል ደሴት አጠገብ ያለ አንድ ስብርባሪ መርከብ ላይ የፕላስቲክ መረብ ዘርግተው፣ ውሃው ራሱ አሸዋ እያመጣ እንዲቀብረው አድርገዋል። የእኛ ጣናም ደለል አላነሰውም፤ ግልገል ዓባይ ብቻ በየክረምቱ የሚያመጣውን ያየ ያውቀዋል።

በመጀመሪያ የሚነጠፈው ጨርቅ ነው። መንገድ ሲሠራ አፈር ሥር የሚነጠፈው፣ ውሃ የሚያሳልፈው ጂኦቴክስታይል ማለቴ ነው። የላስቲክ ሸራ አትጠቀሙ፤ ከሥሩ ጋዝ ይጠራቀምና ያነሣዋል፣ ማዕበል ሲመጣም እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋል። ጨርቁ ከቅርሱ ጠርዝ በየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ሜትር ይለፍ። ሁለት ጨርቅ ከሆነ ግማሽ ሜትር ይደራረብ። ጨርቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደፊት የሚመጣ ባለሙያ ሲገልጥ የእኛ ሥራ የት እንዳበቃ፣ የድሮው ከየት እንደጀመረ ይለይበታል።

ከጨርቁ ላይ ንጹሕ የወንዝ አሸዋ። እንጨት ከሆነ ከላዩ ያለው ሽፋን ግማሽ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። አሸዋውን ከጀልባ ላይ በአካፋ አትድፉ፣ በባልዲ ዝቅ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከዚያ በላይ ከረጢት።

ከረጢቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ። ያለን የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ይሠራል። ነገር ግን መጀመሪያ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ የምታጥቡትም ከሐይቁ ርቃችሁ ነው። የቀረው ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ከገባ ለእምቦጭና ለአልጌ ምግብ ነው። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ከሦስት ሁለት እጁ ይብቃ፤ የተወጠረ ከረጢት እንደ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ልል ከረጢት ግን የተቀመጠበትን ቅርጽ ይይዛል። አፉን በሲባጎ ሳይሆን በናይሎን ገመድ እሰሩ። እንደ ግድግዳ ጡብ መጋጠሚያው እየተፈራረቀ ይደርደር። ዳር ዳሩ ቀጥ ብሎ አያልቅ፤ እንደ ኮረብታ እግር ቀስ እያለ ይውረድ። ቀጥ ካለ ውሃው እየተመታ ሥሩን ይቦረቡረዋል፣ እናንተ ያስቀመጣችሁት ከረጢት ራሱ ቅርሱን ያጋልጠዋል። የማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ ካገኘው በጥቂት ጊዜ ይበጣጠሳል፣ ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ቦታ ላዩ ላይ እንደገና አሸዋ አልብሱት። ጆንያ ይበሰብሳል፣ ተዉት።

ብረት ያለበት ቅርስ ከሆነ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ሌላ ብረት አብሮ የሚታሰርበት ዘዴ አለ። ይህን ለባለሙያ ተዉት።

7. ጀልባ አርቁ

መልህቅ ወለሉን ያርሳል። ከቅርሱ ራቅ ያለ ቦታ ላይ አንድ ከባድ የኮንክሪት ክብደት አውርዳችሁ ከላዩ ተንሳፋፊ እሰሩበት፤ ጀልባዎች ሁሉ እዚያ ይታሰሩ። ምክንያቱን ለሁሉም ሰው መናገር አይጠበቅባችሁም።

8. ተመላለሱ

ተሸፍኖ የተተወ ቅርስ አልተጠበቀም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አንድ ከረጢት ሲንሸራተት ማየት ሃያ ከረጢት ሲጠፋ ከማየት ይሻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሂዱ፣ ሰኔ ሳይገባና ጥቅምት ላይ። ከካስማው አናት እስከ ወለሉ ያለውን ለኩ። ባለፈው 60 ሳንቲሜትር የነበረው ዛሬ 75 ከሆነ አፈሩ እየተጠረገ ነው። 40 ከሆነ ደለል እየቀበረው ነው፣ ደስ ይበላችሁ።

ሌላ የምወደው ዘዴ ምስክር እንጨት ነው። ከአንድ ባሕር ዛፍ ላይ እኩል የሆኑ ስድስት ቁራጮች ትቆርጣላችሁ። ቁጥር ትቀርጹባቸዋላችሁ። ሦስቱን ከሽፋኑ ሥር፣ ቅርሱን ሳይነኩ ከጎኑ፣ ሦስቱን ከሽፋኑ ውጭ ታስቀምጣላችሁ። በዓመቱ ከየወገኑ አንድ አንድ ታወጣላችሁ። በቢላ ጫፍ ጫን በሉት። የውጭው ከላላ፣ የውስጡ ጠንካራ ከሆነ ሽፋናችሁ ይሠራል። ሁለቱም ከላሉ አንድ ቦታ ኦክስጅን እየገባ ነው፤ ባለሙያ ጥሩ። እንዲህ አድርጋችሁ ቅርሱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነኩ ጤንነቱን ታውቃላችሁ።

መዝገቡ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ገዳሙ ዘንድ፣ አንዱ ወረዳው ዘንድ። የቢሮ ሰው ይቀየራል።

9. ማውጣት ግድ ከሆነ

ባሕሩ ሸሽቶ ፀሐይ ላይ ከቀረ፣ ወይም እንደኛ ሳታውቁ ጎትታችሁ ካወጣችሁት፣ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ወዲያው መልሱትና እዚያው ሐይቅ ውሃ ውስጥ አስገቡት። ትልቅ ሳፋ፣ በርሜል፣ ምንም ይሁን፤ የሐይቁን ውሃ ሙሉበት፣ የቧንቧ ውሃ አይሁን። ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። የማይገባ ከሆነ በውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ከላዩ ላስቲክ ደርቡበት፣ ጥላ ሥር አስቀምጡት። አትፈትጉት፣ ሳሙና አታስነኩት፣ የተጣበቀበትን ጭቃ አታንሡለት። የተገኘበትን ቦታ፣ ቀንና ጥልቀት በእርሳስ ፕላስቲክ ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ እሰሩ። በርሜሉን ክደኑ፣ ብርሃን አልጌ ያበቅላል። ለወረዳው ደውሉ። ባለሙያው እስኪመጣ በየሁለት ቀኑ ውሃውን በአዲስ የሐይቅ ውሃ ቀይሩ፤ ስትቀይሩም መጀመሪያ አዲሱን በሌላ ዕቃ አዘጋጁና እንጨቱን ወዲያው አዛውሩት፣ ባዶ በርሜል ውስጥ ተጋድሞ እንዳይጠብቃችሁ።